ሠዓሊ የገዛ መልኩን ስለ ምን ይሥላል?

የሠዓሊ እንጀራ የሌላ ሰው መልክ ነው። ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጦ፣ ጳጳሱ መስቀሉን ጨብጦ፣ ባለጸጋው ነጋዴ ከሚስቱ ጋር በማዕርግ ቆሞ ይሣላል፤ የቀለሙንና የድካሙንም ዋጋ ባለመልኩ ይከፍላል። እንግዲህ ማንም ሳያዝዘውና ማንም ቀብድ ሳይሰጠው መስተዋት ፊት ተቀምጦ የገዛ ፊቱን ሲመረምር የሚውል ሠዓሊ ምን ፈልጎ ነው የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ መልሱም እንደ መላሹ ጠባይ ይለያያል። የንስሓ አባት ቢጠየቅ ውዳሴ ከንቱ ነው ሊል ይችላል፤ የገንዘብን ነገር የሚያውቅ ሰው ሞዴል መቅጠሪያ ቢያጣ ነው ይላል፤ የሥነ ልቡና ሊቅ ደግሞ ራሱን ፍለጋ ነው ብሎ ይደመድማል። እነዚህን መልሶች ወደ ሠዓሊዎቹ ሥራ አቅርቦ ለሚመረምር ሰው ግን ሁሉም እውነት የያዙ፣ ሁሉም ደግሞ ጎደሎ ሆነው ይገኛሉ፤ ጉድለታቸውም ሥዕሉ ለምን እንደ ተሣለ ሲጠይቁ ለማን እንደ ተሣለ ሳይጠይቁ ማለፋቸው ይመስለኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የነገሩ መነሻ መስተዋት ነው። መስተዋት የሌለው ሰው መልኩን የሚያውቀው በወሬ ነው። በጥንት ዘመን መስተዋት ይባል የነበረው የተወለወለ ነሐስ ወይም ብር ሲሆን ፊትን አደብዝዞ የሚያሳይ ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በመስተዋት የሚታየውን ነገር ጉድለት ለምሳሌ ያነሣው በዚሁ ዓይነት መስተዋት ዘመን ነው። ኋላም በአውሮጳ የብርጭቆ መስተዋት በተገኘ ጊዜ አብዛኛው ትንሽና ወደ ፊት የጎበጠ ስለ ነበረ መልክን ያጣምም ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት የሚኖሩ ባለ እጆች ዝርጉን ብርጭቆ በስተጀርባው በቆርቆሮና በባዜቃ መለበጥን ከፍ ወዳለ ጥበብ ባደረሱት ጊዜ ግን ሰው የገዛ ፊቱን ጥርት አድርጎ ለማየት በቃ። በዚሁ መሸጋገሪያ ዘመን ገና 21 ዓመት የሆነው ኢጣሊያዊው ፓርሚጃኒኖ፣ ቫዛሪ የተባለው የሠዓሊዎች ታሪክ ጸሓፊ እንደሚተርከው፣ በፀጉር አስተካካይ ቤት ባየው ጎባጣ መስተዋት ተደንቆ እንጨት በመስተዋቱ ልክ አስጐብጦ በላዩ ላይ መልኩን ሣለ። በሥዕሉ ላይ ፊቱ መካከል ላይ ረጋ ብሎ ሲታይ፣ ከፊት ያለው እጁ ከመጠን በላይ ገዝፎ፣ መስኮቱና ጣራውም እንደ ቀስት ጎብጠው ይታያሉ። ይህንን ይዞ በ1524 ገደማ ወደ ሮማ ወጣና ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለቀሌምንጦስ 7ኛ አበረከተው። ራሱን ለማወቅ ሣለው የሚል ሰው ቢኖር አላምነውም፤ ሥዕሉ የሥራ ማመልከቻ ነበር፤ የሥራውን ጽናት ለማሳየት ከፊቱ የቀረበ፣ ሳይከፈለው የሚቀመጥለት ሌላ ሰው ስላልነበረም መልኩን ሣለ።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለውን ተረት ይዞ ሠዓሊን በትዕቢት የሚጠረጥር ሰው ግን ከጀርመናዊው ከአልብሬኽት ዱረር የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። ዱረር በ1484፣ ገና በ13 ዓመቱ፣ በብር እርሳስ በወረቀት ላይ መልኩን ነደፈ፤ በ1498 ደግሞ፣ በ26 ዓመቱ፣ ጓንት አጥልቆና ፀጉሩን አስጠቅልሎ እንደ መሳፍንት ልጅ ተሽሞንሙኖ ራሱን ሣለ። ይህ ሁሉ ማሸብረቅ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በተወለደባት በኑረምበርግ ሠዓሊ ከአናጢና ከብረት ሠሪ ጋር የሚቈጠር ባለ እጅ ሲሆን፣ በቬኒስ ግን እንደ ጌታ ይከበር እንደ ነበረ በ1506 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ በቅንዓት ገልጦታል። እንግዲህ ያ ጓንት ለኑረምበርግ ሰዎች የተነገረ ክርክር ነው።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን በ1500 የሣለው፣ ዛሬ በሙኒክ ያለው ሥዕል ነው። ዱረር በዚያ ሰሌዳ ላይ ፊቱን ወደ ተመልካቹ በቀጥታ አድርጎ፣ ረጅም ፀጉሩን ግራና ቀኝ በትከሻው ላይ አውርዶ፣ የአንድ እጁን ጣቶች በካባው ፀጉር ላይ አሳርፎ፣ ከበስተጀርባው ጨለማ ብቻ አድርጎ ተቀምጧል፤ በጎኑም በላቲን ቋንቋ ስሙንና አገሩን፣ በ28 ዓመቱም ራሱን በቀለም እንደ ሣለ ጽፏል። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለት ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ፊት፣ ይሁዳና አጋንንት ግን በጎን በአንድ ዓይን እንዲሣሉ ሥርዐት ስላለ፣ ያገራችን ሰው የዚህን አቀማመጥ ክብደት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ በዱረርም አገር በዚያ ዘመን እንዲህ ፊት ለፊት መሣል ከሁሉ ይልቅ ለመድኃኔ ዓለም የተጠበቀ ነበር። ድፍረት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሰው በፈጣሪው አርአያና አምሳል መፈጠሩን፣ የእጁም ጥበብ ከዚያ ፈጣሪ የተሰጠ መሆኑን የሚመሰክር ሥዕል አድርገው የተረጐሙት ሊቃውንት ወደ እውነቱ የቀረቡ ይመስለኛል። ደግሞም ይኸው ሠዓሊ፣ ኋላ በታመመ ጊዜ፣ እስከ ወገቡ ተራቍቶ በጣቱ የግራ ጎኑን ሲያመለክት ራሱን በትንሽ ወረቀት ላይ ነድፎ፣ በሆዱ ላይ ብጫ ነጥብ አኑሮ፣ ጣቴ በሚያመለክትበት በዚህ ቦታ ያመኛል የሚል ትርጉም ያለው ማስታወሻ ጽፎበታል፤ ወረቀቱ ሩቅ ላለ ሐኪም የታሰበ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለውን ሥዕል የሠራ ሰው በትዕቢት ብቻ ሊከሰስ አይችልም፤ አንዱ መልክ ለእግዚአብሔርና ለትውልድ፣ ሌላው ለመድኃኒተኛ ተሣለ።

ሠዓሊው ለብቻው ተለይቶ ከመሣሉ በፊትም በታሪክ ሥዕል መካከል ከሕዝቡ ጋር ተደባልቆ ራሱን የመክተት ልማድ ነበረ፤ በዚህም በኩል የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከትዕቢት ይልቅ ንስሓ ነው። ሚኬላንጄሎ በቫቲካን በሲስቲን ጸሎት ቤት በሣለው የፍርድ ቀን ሥዕል ላይ፣ በምዕራባውያን ትውፊት ቆዳው ተገፍፎ ሰማዕት የሆነው ሐዋርያው በርተሎሜዎስ የተገፈፈ ቆዳ ይዞ ይታያል፤ በዚያ ቆዳ ላይ ተጨማድዶ የተንጠለጠለው ፊት የሠዓሊው የራሱ መሆኑን ብዙ ሊቃውንት ይስማሙበታል። ካራቫጆ ደግሞ በ1606 በሮማ ሰው ገድሎ ሞት ከተፈረደበት በኋላ ከአገር አገር ሲንከራተት ቈይቶ፣ በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ ዳዊት የጎልያድን ራስ ቆርጦ ሲያሳይ ሣለ፤ ደም የሚንጠባጠብበት፣ አፉ የተከፈተው፣ አንዱ ዓይኑ ገና ያልሞተ የሚመስለው ራስ የካራቫጆ ፊት ነው፤ ወጣቱም ዳዊት የሚያየው በኀዘኔታ እንጂ በድል አድራጊነት አይደለም። ሥዕሉ የዘመኑ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የእኅት ልጅ ለነበረውና ምሕረት ለማሰጠት ለሚችለው ለካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ እንደ ተላከ ይታመናል። ካራቫጆ ግን ምሕረቱን ሳያይ፣ ወደ ሮማ ሲመለስ፣ በ1610 በመንገድ ሞተ። ያገራችን ሰው ይህን ሲሰማ በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ የሚሣለውን፣ እገሌ እንደ ተማኅፀነ ተብሎ ስሙ በአጠገቡ የሚጻፍለትን አሠሪ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ በእኛ ዘንድ የሚማፀነው ዋጋውን የከፈለው አሠሪው እንጂ ሠዓሊው አለመሆኑ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፎ መገኘቱ ራሱ ከብዙ ስም የለሽ ሠዓሊዎች መካከል ለይቶ የሚያስጠራው ነው፤ መልኩ ግን የለም። ሥዕሉ ለጸሎት የተሠራ ነውና፣ በዚያ ላይ የሠዓሊ ፊት ምን ይሠራል?

ወደ ሬምብራንት ስንደርስ እግራችንን ረዘም ላለ ጊዜ ማሳረፍ ይገባናል፤ የዚህ ጥያቄ ክርክር ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነውና። በ1606 በሆላንድ በላይደን ከተማ የተወለደው ይህ የወፍጮ ባለቤት ልጅ በአርባ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ወደ 40 የሚሆኑ የራሱን ሥዕሎች በቀለም፣ ወደ 30 የሚሆኑ ደግሞ በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ በወረቀት አትሟል። በ24 ዓመቱ ካተማቸው መካከል አንዱ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዚያች ጠባብ ወረቀት ላይ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ ድንገት እንደ ደነገጠ ሰው ሆኖ ይታያል፤ በሌሎቹም ይቈጣል፣ ይሥቃል፣ ይጮኻል። ይህ የኅሊና ምርመራ ሳይሆን የሙያ ልምምድ እንደ ነበረ መካድ አይቻልም፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ለመሣል ድንጋጤን፣ ለቅሶንና ቍጣን የሚሠራ ፊት ያስፈልገው ነበርና፣ ከገዛ ፊቱ ይልቅ የሚታዘዝለት አልነበረም። ያን ጊዜም ቢሆን ሥዕሎቹ ገበያ ነበራቸው፤ ከእነዚሁ የወጣትነቱ ሥዕሎች አንዱ በእንግሊዙ ንጉሥ በቻርልስ ቀዳማዊ ቤት ተሰቅሎ እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1633 ገደማ በሣለው የስቅለት ሥዕል ላይ ደግሞ ሰማያዊ ቆብ ደፍቶ የጌታን መስቀል ከሚያቆሙት ገዳዮች መካከል ራሱን ጨምሯል።

ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤት የሬምብራንት ሁለት መልኮች አሉ። የመጀመሪያው በ1640፣ በ34 ዓመቱ፣ ሀብትና ዝና በሞላለት ጊዜ የተሣለ ነው፤ ከእሱ በፊት መቶ ዓመት ያለፈበትን የክብር ልብስ ለብሶ፣ ክንዱን በመደገፊያው ላይ አሳርፎ፣ ከኢጣሊያውያኑ ከራፋኤልና ከቲሲያን ጋር ልቈጠር ይገባኛል ይላል። ሁለተኛው በ1669፣ በ63 ዓመቱ፣ በሞተበት ዓመት የተሣለ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ነገር አልፏል፤ በ1656 ከስሮ ቤቱና ዕቃው ተሽጧል፤ ሚስቱ ሳስኪያ፣ ኋላም አብራው የኖረችው ሄንድሪኪያ ሞተዋል፤ ልጁ ቲቱስም በ1668 ተቀብሯል። በዚያ በመጨረሻው ሥዕል ላይ ቆዳው ከዓይኑ ሥር ረግቦ፣ አፍንጫው አብጦ፣ የግንባሩ ቀለም ወፍሮ ተለጥፎበት፣ ሁለት እጆቹን አጣምሮ ተቀምጧል። ሥዕሉ በራጅ በተመረመረ ጊዜ እጆቹ መጀመሪያ ተከፍተው ብሩሽ ይዘው እንደ ነበረና፣ የራሱም መጠምጠሚያ ዛሬ ከሚታየው የበለጠ እንደ ነበረ ታውቋል፤ ሠዓሊው ብሩሹን ከገዛ እጁ አውልቆ፣ መጠምጠሚያውንም አሳንሶ፣ ተመልካቹ ሌላ የሚያየው ነገር አጥቶ ፊቱን ብቻ እንዲያይ አድርጓል። ይህን ሁሉ አይቶ ሬምብራንት በቀለም የጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው የሚሉ ጸሓፊዎች አሉ፤ አጋንነዋል እላለሁ፤ የሬምብራንትን መልክ በሬምብራንት እጅ ተሥሎ የሚገዛ ወዳጅ እስከ መጨረሻው አልጠፋምና፣ ምስጢሩን ለራሱ ብቻ ሲናገር እንደ ነበረ አድርጎ መቍጠር አያስኬድም። ገዢ ነበረው ማለት ግን አሠሪ ነበረው ማለት አይደለም፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። የሰውን መልክ በትእዛዝ የሚሥል ሠዓሊ ያንን የረገበ ቆዳና ያንን ያበጠ አፍንጫ በእውነተኛው ልክ ቢያኖር ባለመልኩ ይቀየመዋል፣ ገንዘቡንም ይከለክለዋል፤ የገዛ ፊቱን ሲሥል ግን የሚቀየመው ማንም የለም። የራስ ሥዕል ከሌላው ሥዕል ሁሉ በላይ እውነት ለመናገር የሚመቸውም፣ ማንም የማያርመው ስለ ሆነ ለመዋሸት የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሴቶች ሠዓሊዎች ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። በነዚያ ዘመናት ሴት ልጅ ራቍቱን የተቀመጠ ሞዴል አይታ የሰውን አካል እንድትማር ስላልተፈቀደላት፣ ያለ ሐሜት የምታየው መልክ የገዛ መልኳ ነበር፤ የኔዘርላንዷ ካታሪና ቫን ሄመሰን በ1548 በሥዕል ሰሌዳዋ ፊት ብሩሽ ይዛ ራሷን የሣለች፣ ኢጣሊያዊቷም ሶፎኒዝባ አንጉዊሶላ ደጋግማ ራሷን የሣለች በዚህ መንገድ ነው። ብልኀት ከሁሉ የበዛባት ግን አርተሚዝያ ጄንቲለስኪ ናት፤ ሥዕል የተባለው ጥበብ በዘመኑ ሥርዐት በሴት አምሳል ይሣል ስለ ነበረ፣ በ1638 ገደማ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን ወደ ሸራው ዘርግታ ራሷን በጥበቡ አምሳል ሣለች። ይህን ማድረግ የሚችል ወንድ አልነበረም።

ድኻው ቪንሰንት ቫን ጎህ ለገንዘብ ነክ ምክንያት ዋነኛ ምስክር ነው። ከ35 ከሚበልጡት የራሱ ሥዕሎች አብዛኞቹን በፓሪስ በቈየባቸው ሁለት ዓመታት የሣለው ለሞዴል የሚከፍለው ስላጣ ሲሆን፣ በ1888ም ሞዴል ሲያጣ ከራሱ መልክ ይሠራ ዘንድ መስተዋት እንደ ገዛ ለወንድሙ ለቴዎ ጽፏል። በዚያው ዓመት ግን ለጓደኛው ለጎጋን አንዱን መልኩን፣ ፀጉሩን በአጭሩ ተላጭቶ እንደ ጃፓን መነኩሴ አድርጎ፣ ስጦታ አድርጎ ልኮለታል፤ ድኽነት ያስጀመረውን ነገር ወዳጅነት ወሰደው ማለት ነው። ጆሮውን ከቆረጠ በኋላ በጥር ወር 1889 የሣለውን የሚያይ ሰው በጨርቅ የታሰረው የቀኝ ጆሮው ይመስለዋል፤ የቆሰለው ግን የግራው ነው፤ መስተዋት ያሳየውን ሳይገለብጥ እንዳለ ሥሎታልና። የሜክሲኮዋ ፍሪዳ ካህሎ ደግሞ በ1925 በአውቶቡስ አደጋ አከርካሪዋ ተሰብሮ በተኛች ጊዜ እናቷ ከአልጋዋ በላይ መስተዋት አሰቀሉላትና ሌላ የምታየው ስላልነበራት ከሥዕሎቿ ሲሶ የሚያህለውን በራሷ መልክ ሞላችው። ስለ እሷ በየአገሩ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አልደግመውም።

ከሁሉም ይልቅ ራስን ማወቅ የሚለው መልስ በእውነት የሚሠራበት አንድ ሰው አውቃለሁ፤ እሱም በለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊ ዊልያም ዩተርሞለን ነው። በ1995 አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ እንደ ያዘው ከተነገረው በኋላ አምስት ዓመታት ያህል መልኩን ሲሥል ኖረ። በመጀመሪያዎቹ ላይ ፊቱ በቦታው ነው፤ ዓይኑ ግን ፈርቷል። በየዓመቱ ዓይንና ጆሮ ቦታቸውን እየለቀቁ፣ የፊቱ ዳር ከበስተጀርባው ጋር እየተቀላቀለ ሄዶ፣ በመጨረሻዎቹ የእርሳስ ሥራዎች ላይ የሚቀረው ራስ መሆኑ ብቻ የሚታወቅ፣ ውስጡ የተሰረዘና የደበዘዘ ቅርጽ ነው። የሚከታተሉት ሐኪሞች ሥዕሎቹን በ2001 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። እኔን የሚገርመኝ ሕመሙ የእጁን ትምህርት ከመስረቁ ይልቅ፣ እየተሰረቀ መሆኑን ዐውቆ በየጊዜው ወደ መስተዋቱ መመለሱ ነው። ዛሬ በየስልኩ በቅጽበት የሚነሣውን የራስ ፎቶግራፍ የዚህ ሁሉ ወራሽ የሚያደርጉ ሰዎች በዚህ ላይ ቢያስቡበት መልካም ነበር፤ ዩተርሞለን በየሥዕሉ ፊት የተቀመጠበትን ሰዓት ስልኩ አይጠይቅም።

ለማን የሚለው ጥያቄ እንዴት ያለ ፍሬ እንዳለው አንድ ሰው ከማንም ቀድሞ የተረዳው ይመስላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፍሎረንሱ ካርዲናል ሌኦፖልዶ ዴ ሜዲቺ የሠዓሊዎችን የራስ ሥዕል ብቻ ለይቶ በወኪሎቹ አማካይነት እያስፈለገ ያሰባስብ ጀመር፤ ከእሱም በኋላ ስብስቡ ሳይቋረጥ አድጎ ዛሬ ኡፊትሲ በሚባለው የሥዕል ቤት ከአንድ ሺህ በላይ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊ ከሙያ ባልንጀሮቹ ጎን ለመሰቀል ሲል መልኩን ለፍሎረንስ ይሥል ጀመር፤ ይህም አዲስ ምክንያት ነው። የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌም የራሳቸውን ሥዕል በ1981 በዚያ ቤት ለማኖር በቅተዋል፤ ከአፍሪቃ ሠዓሊዎችም የመጀመሪያው እንደ ሆኑ ይነገርላቸዋል። ማዕርጋቸውን ሁሉ ሳይቀር ዘርዝረው ይጠሩ ለነበሩት ለአንኮበሩ ሰው፣ ከሬምብራንት ጋር በአንድ ጣራ ሥር መዋል የሚገባቸው ቦታ ይመስላቸው እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ እኔም አልቃወማቸውም።

የአገራችን ሠዓሊ ለጸሎት ቤት፣ ለቤተ መንግሥት፣ ለሆቴልና ለውጭ አገር ገዢ ሲሥል ኖሯል፤ ለባልንጀራው ሠዓሊ የሣለው መልክ ግን በየቤተሰቡ ግድግዳ ተበትኖ የሚገኝ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚመረቅ እያንዳንዱ ሠዓሊ አንዲት የራሱን ሥዕል፣ ቀኑንና ለማን እንደ ሣላት በጀርባዋ ጽፎ፣ ለትምህርት ቤቱ እንዲተው ቢደረግ ወጪው አንድ ሸራና ጥቂት ቀለም ነው። የሟቾቹን ሥራ የያዛችሁ ቤተሰቦችም፣ ለመስጠት እንኳ ባትፈቅዱ፣ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ስሙንና ዓመቱን እንድታስመዘግቡ እለምናችኋለሁ።